የሬሳው አፈ ንጉሥ

ንጉሥ ራውራ ካፓቅ በሕይወት ሳለ ከበረዷማው ተራራ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ያለውን አገር ሁሉ ረግጦ አስገበረ። አልገብርም ያለውን ሹም ቆዳውን አስገፍፎ ከበሮ ያስወጥርበት ነበር። ቺምፑ የምትባል ልጅ አባቷ የሐይቁ አገር ሹም ነበርና እሱም ከበሮ ሆነ። ሕዝቡ ተነቅሎ የንጉሡን በቆሎ ሊያርስ ወደ ቆላ ተነዳ፤ ቺምፑ ገና በልጅነቷ ለቤተ መንግሥት ገረድነት መናገሻው ከተማ ኩስኮ ገባች።

ንጉሡ ሲሞት አልተቀበረም። እንደ አገሩ ወግ ሬሳው ደርቆ፣ ያማረ ልብስ ለብሶ፣ በወርቅ በርጩማ ተቀመጠ። መሬቱም ገባሩም የራሱ እንደሆነ ቀረ። ጠዋት ጠዋት የበቆሎ ጠላ ይቀዳለታል፤ ባለጉዳይም ይቀርብለታል። የሚናገርለት አፍ ሲፈለግ፣ ጠባዩን ታውቃለች ብለው ቺምፑን ሾሙ። ያኔ ፀጉሯ ሸብቷል።

አንድ ቀን የቤቱ አዛዥ ማይታ አንድ ሽማግሌ አስገባ። ሽማግሌው እንደ ደንቡ ሸክም አዝሎ፣ በባዶ እግሩ፣ አጎንብሶ ገባ። ቺምፑ በድምፁ አወቀችው፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም ኩኖ ነው።

"ንጉሥ ሆይ፣ ቆላው ፈጀን። ልጆቻችን በንዳድ አለቁ። የተረፍነውን ወደ ሐይቃችን መልሰን" አለ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ በአገራቸው ቋንቋ፣ "አንቺ፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ አትርሺ" አላት።

ቺምፑ ጆሮዋን ወደ ደረቀው ከንፈር አስጠጋች። "ይሂዱ" ልትል አፏን ስትከፍት ማይታ ሳቀ።

"እስቲ እንስማው! እኔ ጌታዬን ዕድሜ ልኬን ሳገለግል ማንንም ሲምር አላየሁም። ዛሬ ከማረ፣ የሚናገረው እሱ አይደለማ። በስሙ የሚዋሽ ምላስ ምን እንደሚደረግ መቼም አይጠፋሽም።"

ምላሷ ቢቆረጥ ግድ አልነበራትም፤ ግን ወገኖቿም እዚያው ቆላ መቅረታቸው ነው። ጉሮሮዋን እንደ ሟቹ ጠረገችና ጮኸች፦

"እነዚህን ንዳዳሞች ከበቆሎዬ አርቁልኝ! በሽታቸው ለሌላው ገባሬ ይተርፋል። ወደዚያ ብርዳም ሐይቃቸው ንዷቸው፤ ውርጭ ይጨርሳቸው!"

ማይታ አገጩን አሻሸ። "ይሄስ እሱን ይመስላል። ግን ጌታዬ ያለ ደም ሰው አሰናብቶ አያውቅም።"

ቺምፑ የአጎቷን የጎበጠ ጀርባ አየች።

"ሽማግሌውን" አለች። "ሳይጠሩት ደጄ የመጣውን። ገደል ስደዱት።"

ወታደሮቹ ሲጎትቱት ኩኖ በአገሩ ቋንቋ ጮኸ፤ "ወንድሜን የበላው እሱ ነው ስል፣ ለካ አንቺም አውሬ ነሽ! ዘርሽ ይጥፋ!"

"ይሄዳሉ እኮ አጎቴ" ልትለው ፈለገች። ማይታ ዓይኑን ከፊቷ አልነቀለም። ኩኖ ሳይገባው ሞተ።

ሕዝቡ በጅራፍ እየተነዳ ወደ ሐይቁ ሄደ። ደካማው መንገድ ላይ ቀረ፤ የተረፈው ጎጆ ቀለሰ፣ መረብ ጣለ።

ከዓመታት በኋላ ደረቅ ዓሣ የሚገብር አንድ ሰው ከዚያ መጣ። ማንነቷን አያውቅም።

"ኩኖ ነው ያዳነን" አላት። "እሱን ያስገደለችውን የዚያችን ርጉም ስም በኛ አገር ለውሻም አናወጣውም።"

"ልጆቹስ? ደኅና ናቸው?"

"ደኅና? ዓሣ ሰለቸን እያሉ ያስቸግሩናል እንጂ!"

ቺምፑ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ማይታ ጠራት፤ ባለጉዳይ ቀርቧል። ከላይኛው መስኖ ውሃ የሰረቀ ገበሬ ነበር፤ ሚስቱ ከኋላው ታለቅሳለች። ቺምፑ ጆሮዋን ወደ ሬሳው አስጠጋችና እጁ እንዲቆረጥ ፈረደች።