ቱማሽ ሰንጢውን ሲከፍት

እዚህ ኢንጋዲን፣ በተራሮቹ መካከል ባለው ሸለቆ፣ የበረዶ ናዳ ሰው ሲውጥ፣ ፍለጋው የሚያበቃበትን ሰዓት በቃል የሚናገር ሰው በመንደራችን ኖሮ አያውቅም። ለብዙ ዘመን የፍለጋው አለቃ ቱማሽ ነበር፤ ቱማሽ ደግሞ ከላሞቹ ጋር ካልሆነ በቀር ብዙ አያወራም። ተስፋ መቁረጡን የምናውቀው በእጁ ነበር። ቁጭ ይልና ከኪሱ ባለ ብዙ ስለቱን ሰንጢ ያወጣል። በትንሿ መጋዝ ናዳው ገንድሶ ካወረደው ጥድ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ በትልቁ ስለት ይልጠዋል፣ በትንሹ ስለት መጋጠሚያውን ፈልፍሎ መስቀል ይሠራል። መስቀሉ ፍለጋው በቆመበት ስፍራ ይተከላል፤ በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ከየት እንደሚጀመር ያሳያል። ስለዚህ ሰንጢው ሲከፈት ያዩ ሁሉ የተቀበረ ሰው ለመፈለግ በረዶውን የሚወጉባቸውን ዘንጎች ሰብስበው ይወርዳሉ። የሚጠይቅ የለም።

ባለፈው ክረምት ናዳው የወሰደው የገዛ ልጁን ብራይዳን ነው። የላይኛውን ጎተራ ጣሪያ ልታይ በበረዶ መንሸራተቻዋ እንደወጣች ቀረች። በማግስቱ ማለዳ የፈላጊዎቹን የሾርባ ድስት ተሸክሜ በእነቱማሽ ደጅ ሳልፍ፣ ሚስቱ ሜንጂያ በሩ ላይ ቆማ መንገድ ዘግታበት ነበር።

«ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ ተወው።»

«ያለ ሰንጢ ተራራ የወጣሁበት ቀን አለ?»

«ዛሬ ይኑራ!»

«ከኪሴ አይወጣም።»

«ብታወጣውስ?»

«አልከፍተውም አልኩሽ፣ ሜንጂያ። አልከፍተውም።»

ዞር አለችለት።

አለቅነቱን ከቱማሽ የተረከበው ፍሉሪን ሰዎቹን ትከሻ ለትከሻ አሰልፎ በረዶውን በዘንግ ሲያስወጋ፣ እኔና ቱማሽ ደርሰን አገኘነው። ጉሙ ሄሊኮፕተር አያስነሳም፤ ውሾቹም ከትናንት ጀምሮ ያገኙት የብራይዳ አንድ የመንሸራተቻ ምርኩዝ ብቻ ነበር። ሾርባውን ስቀዳ ፍሉሪን ጽዋውን ወደ ብርሃን አነሳና፣ «ኦንዳ፣ ይሄ ገብስ ነው ወይስ ጠጠር?» አለኝ። ኦንዳ አክስቴ ማለት ነው፣ በዕድሜ ለምትበልጠን ሴት ሁሉ የምንለው፤ ወንዱን ባርባ እንላለን፣ አጎቴ።

«ጥርስ ላለው ገብስ ነው፤ ለአንተ እንግዲህ ጠጠር ነው» አልኩት። ጥቂቶቹ ሳቁ። ወዲያው ቱማሽን አዩና ወደ ጽዋቸው አቀረቀሩ።

ቱማሽ ምርኩዙ በተገኘበት ቦታ ብቻውን ይቆፍር ነበር። ሰዎቹ የሚያዩት ጉድጓዱን ሳይሆን ቀኝ እጁን ነው። መሀረብ ለማውጣት እንኳ እጁን ወደ ኪሱ በሰደደ ቁጥር ሰልፉ በሙሉ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይቆማል። ይህን ሲረዳ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው አልነበረም፤ ላሞቹን ሊያልብ ሲገባ እንኳ የሸሚዙን አንገት የሚቆልፍ ሰው ነው።

ከቀትር በኋላ የአካፋው ብረት ከእጀታው ላላ። በድንጋይ መታው፤ በጫማው ረገጠው፤ መልሶ ወለቀ። በእጁ መቧጠጥ ጀመረ። ናዳ ከቆመ በኋላ ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በጣት አይሆንም። ዙሪያውን አየ። ከዚያም ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ፣ ሊሰርቅ እንዳጎነበሰ ሰው አጎነበሰና ሰንጢውን ከፈተ።

እኔ ከጎን ስለነበርኩ አየሁት። ከወደቀው ጥድ አጭር ቁራጭ በመጋዟ አወጣ። በትልቁ ስለት፣ የግራ አውራ ጣቱን ከስለቱ ጀርባ አስደግፎ፣ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ ወደ ውጭ ላገው። ልጣጩ ጉልበቱ ላይ እየተጠቀለለ ወደቀ። ጫፉን አቅጥኖ ጨረሰና ትንሹን ስለት አወጣ፣ ጠርዙን አስተካከለ፤ እየለካ፣ እንደገና እየቀነሰ። የሠራውን ሽብልቅ በእጀታው ጫፍና በብረቱ መሃል ሰክቶ በድንጋይ ቀጠቀጠው። ብረቱ ጸና። ሰዎቹም የመጋዟን ድምፅ ሰምተው ኖሮ፣ ደስ ብሎት ቀና ሲል ሰልፉ ፈርሷል።

ሰዎቹ ዘንጋቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ይወርዱ ነበር።

«ወዴት ነው? ምን ሆናችሁ?»

ፍሉሪን ቀረበው። «ባርባ... ሰንጢውን ከፈቱት።»

«ለአካፋው ነው! ሽብልቅ ነው፣ እየው፣ ሽብልቅ!» አካፋውን በፊቱ ወዘወዘው።

«አያለሁ፣ ባርባ።»

«ካየህ መልሳቸው!»

ፍሉሪን ወደ ቁልቁለቱ ተመለከተ። ዞሮ ያየ አንድም ሰው የለም።

«ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ሲጠብቁ ነው የዋሉት» አለ። «እኔም ጭምር።»

«አለቃው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«የእውነት አለቃ ብሆን ትናንት ማታ ባቆምኩ ነበር። በእርስዎ ልጅ ላይ ማን አፉን ይከፍታል?»

ስንቱ አባት በዚያ ተዳፋት ላይ አካፋ ይዞ እንደጮኸበት ከእኔ ይልቅ ቱማሽ ያውቃል፤ እሱ ግን ያኔ መስቀሉን ተክሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ልክ አልነበረም ያለው ሰው የለም።

ቆፈረ። ሽብልቁ ጥሩ ሽብልቅ ነበር፤ አካፋው አንዴም አልላላ። ፍሉሪንም አጠገቡ ተንበርክኮ በበኩሉ ቆፈረ፤ እኔም በሾርባው ጭልፋ የወጣውን በረዶ ስገፋ ቆየሁ፤ ምንም እንደማልጠቅም አውቅ ነበር። ከስር ያገኘነው ሌላ በረዶ ነው። ብርሃኑ ሲደክም ነፋስ ተነሳ፤ ከላይ ያልወረደው ክምር ሲሰነጠቅ ተሰማ።

«ባርባ፣ ይበቃል። ሜንጂያን የሁለት ሰው ሀዘን አያስታቅፏት።»

ቱማሽ ተነሣ።

«ምልክቱስ?» አለ ፍሉሪን ቀስ ብሎ።

ዙሪያው ሁሉ የጥድ ቅርንጫፍ ነው፤ ሰንጢውም ኪሱ ውስጥ ነው። ቱማሽ አካፋውን አነሳ፤ ብረቱን ወደ በረዶው አስገብቶ በሁለት እጁ እስኪጸና ተጫነው። እጀታው በመስቀሉ ፈንታ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወረድን።

ሜንጂያ በሩ ላይ ነበረች። ሰዎቹ በደጇ ሲያልፉ አይታለች። እጇን ወደ ባሏ ኪስ ሰደደች፤ ሰንጢውን አወጣች፤ ትልቁን ስለት በጥፍሯ ከፍታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የጥዱ ሙጫ ገና አልደረቀም።

«አልከፍተውም ብለኸኝ ነበር።»

«ሽብልቅ ነው የሠራሁት።»

«ምን?»

«ሽብልቅ። አካፋው ላልቶብኝ፣ ለአካፋው ሽብልቅ።»

ባዶ እጆቹን አየች።

«አካፋው የታለ?»