የፓንዶል ልጅ ተረከዝ

ታክ ፓንዶል ስለ እግር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም የተማረው አሸዋ ላይ ነው። በወጣትነቱ በትውልድ አገሩ በኡይሶንግ፣ ስሪም በሚባለው የአሸዋ ላይ ትግል ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። በዚያ ትግል ሁለት ሰዎች ወገብ ለወገብ ተያይዘው ይገፋፋሉ፤ እንደ ፓንዶል አባባል ተረከዙ ከአሸዋው ከፍ ያለበት ሰው አለቀለት። ስለዚህ ልጁ ሱሃ በዘጠኝ ዓመቷ የጎልፍ ዱላ ስትጨብጥ፣ ከኋላዋ ተንበርክኮ የቀኝ ተረከዟን በመዳፉ መሬት ላይ ተጭኖ ያዘው። የሌሎቹ ልጆች አባቶች "ጭንቅላትሽን አታንቀሳቅሺ!" እያሉ ሲጮሁ እሱ ምንም ሳይናገር እግር ይዞ ይውል ነበር።

አሁን ሱሃ አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። ባለሙያ ተጫዋች ለመሆን የሚያበቃውን ማጣሪያ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ በመጨረሻው ቀን ወደቀች። ክንዷ እስኪዝል ድረስ ደህና ትመታለች፤ ከዛለ በኋላ ግን ኳሱ ወደ ቀኝ እየሸሸ ዛፍ ውስጥ ይገባል። "ሦስተኛውን ከወደቅሁ ዱላውን እጥላለሁ" ብላ ቁርጡን ተናግራለች። የዱላ ቦርሳዋን የሚሸከምላት አባቷ ነው። የነጭ ሽንኩርት እርሻውን ለወንድሙ ትቶ ነው የመጣው። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ "የሱሃ አባት ነኝ" ይላል፤ ሌላ ሥራ ያለም አይመስለው።

በጸደይ ላይ ሱሃ ራሷ ፈልጋ አንዲት አሠልጣኝ አመጣች። ያንግሚ ትባላለች፤ ድሮ ተወዳዳሪ የነበረች፣ ምላሷ የማይታጠፍ ሴት ናት። ሱሃ ሁለት ሦስት ኳስ ስትመታ አየቻትና ሳቀች።

"ይቺ ልጅ ኳስ ትመታለች ወይስ የሚወድቅ ግድግዳ ትደግፋለች? የሱሃ አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እግሯን ማን ነው የቸነከረው?"

"እኔ ነኝ" አለ ፓንዶል፣ አላፈረም። "ካልቆመች በምን ትመታለች?"

"ከመምታቷ በፊት ትቁም፤ ማን ከለከላት? ዱላው ሲወርድ ግን ቀድሞ የሚሄደው ዳሌዋ ነው። ክብደቷ ወደ ግራ እግሯ ይሻገራል፣ ቀኝ ተረከዟ ይነሳል፣ ሆዷ ኳሱ ወደሄደበት ይዞራል። ኳሱ መሬት እስኪነካ በግራ እግሯ ጸጥ ብላ መቆም ካልቻለች፣ እኔ እንደ ምት አልቆጥረውም።"

ሱሃ ሞከረች። ገና ዳሌዋን ስታዞር እንደ ሰካራም ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ ፓንዶል ሊይዛት ዘሎ ገባ።

"ይተዋት!" አለች ያንግሚ። "ትውደቅ፤ ሣር ነው።"

ያን በጋ ሱሃ ስትወድቅና ስትነሳ ከረመች። በግራ እግሯ ወደፊት እየተራመደች መታች፤ እግሯን ገጥማ መታች፤ ጥርሷን እንኳ በአንድ እግሯ ቆማ ነበር የምትቦርሸው። ፓንዶል ኳስ እየለቀመ ያያት ነበር። ልጁ ስትንገዳገድ እጁ ሊይዛት ይዘረጋል፤ ስትቆም ደግሞ ቅር ይለዋል፤ ይኸኛውን ለማንም አልተናገረም።

የማጣሪያው ዋዜማ ከጋንግዎን ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ምግብ ቤት የአጥንት ሾርባ አዘዙ። ፓንዶል ሩዙን ሾርባው ውስጥ ገልብጦ ሲያበቃ አላስቻለውም።

"ሱሃዬ፣ ሜዳው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ልምምድ ላይ ይሁን፤ ነገ ግን እግርሽን ያዝ አድርጊ።"

"አባዬ፣ አንተን የሚገፋህ ሰው ነበረ። እኔን ማን ይገፋኛል? ኳሷ እኮ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀኝ።"

"አፍሽ ከዚያች ሴትዮ ጋር ውሎ ተሳለ።"

"የጎመን ኪምቺውን አቀብለኝ። ነገ ቦርሳውን ያዝ፣ እግሬን ግን አትይ። እሺ?"

"እሺ" አለ።

እሺታው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ቆየ። ሱሃ በደንብ እየተጫወተች ነበር፤ እንዲሁ ከቀጠለች ታልፋለች። አሥራ አራተኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷ ቁልቁለት ላይ አረፈች፤ ከፊት ለፊት ኩሬ አለ። ፓንዶል ዓይኑን ወደ ተራራው ሊያዞር ፈልጎ ነበር። ዱላዋ ከትከሻዋ በላይ ወጥቶ ሊወርድ ሲል ግን እግሯን አየ።

"ተረከዝ!"

ጩኸቱ ሳያስበው ነው ያመለጠው። የሱሃም እግር ሳታዘው ታዘዘለት፤ የለመደውን ድምፅ ሰምቶ መሬቱን ነክሶ ቀረ። ክንዷ ብቻውን ዞረ፤ ኳሱን ኩሬው ዋጠው።

ሱሃ አልተቆጣችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ወደ እሱ መጥታ እጇን ዘረጋች።

"ቦርሳውን ስጠኝ።"

"ሱሃዬ፣ እኔ..."

"አውቃለሁ። ስጠኝና ከገመዱ ውጪ ሁን።"

ልጅቷ ቦርሳውን በጫንቃዋ አንግታ ዳገቱን ብቻዋን ወጣች። ፓንዶል ከተመልካቹ ጋር ከገመዱ ውጪ ተከተላት፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ለሌላ ስህተት ቦታ አልቀረም። በቀሩት ጉድጓዶች ስትመታ ከሩቅ አያት፤ እያንዳንዷን ምት ስትጨርስ ሆዷ ወደ ኳሱ ዞሮ፣ በግራ እግሯ ቆማ ትጠብቃለች። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ንፋስ ነበረ፣ መሬቱም ያዘነበለ ነበር። እሷ ግን ኳሱ ወርዶ፣ ተንከባሎ፣ እስኪቆም ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ፓንዶል ያን ጊዜ ሰው መሃል አለቀሰ። ያስለቀሰው ደስታ ነበር፤ ደስታ ብቻ ግን አልነበረም።

አለፈች። ከተመልካቹ መሃል የነበረችው ያንግሚ አቅፋ አሽከረከረቻት። ከዚያ አባትና ልጅ ወደ መኪናቸው ሄዱ፤ ፓንዶል ቦርሳውን ከኋላ ጭኖ በሩን ሳይዘጋ ቆመ።

"ያ ጩኸት... አፌን ሊቆርጡት ይገባል" አለ። "ከእንግዲህ አፌን በፕላስተር አሽገዋለሁ። በልምምድ ጨዋታዎች ላይ ይዘሽኝ ሞክሪኝ። ካጠፋሁ ያን ጊዜ ታባርሪኛለሽ።"

ሱሃ የጫማዋን ጭቃ በመኪናው ጎማ ላይ ፋቀች።

"አባዬ፣ በጩኸቱ አይደለም። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ቦርሳዬን የያንግሚ የእህት ልጅ ነው የሚይዘው። በጸደይ ነው የጠየቅሁት።"

"በጸደይ?"

"ካለፍኩ ብዬ። ብወድቅ ኖሮ አልነግርህም ነበር፤ አብረን ወደ ቤት እንመለስ ነበር።"

ፓንዶል ከጸደይ ጀምሮ የጸለየውን ሁሉ አሰበ። ጠዋት ጠዋት ልጁ እንድታልፍ ሲለምን፣ ሳያውቀው በራሱ ላይ ሲፈርድ ከርሟል። መልሰው ጸልይ ቢሉትም ያንኑ ይለምን ነበር፤ ይህንንም ያውቃል፤ ግን አመመው።

"ልጁ ጨዋ ነው?" አለ።

"ጨዋ ነው።"

"እንግዲያው ንገሪው። ስትጨነቂ ውሃ መጠጣት ትረሻለሽ። ካልሰጡሽ አትጠይቂም።"

"አንተው ንገረው፣ አባዬ" አለች ሱሃ።

"አይ፣ አንቺ ንገሪው" አለና የመኪናውን የኋላ በር ዘጋ።