ሰማንያ አምስት ዲግሪ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሣራ ኤርካሎ ወደ ቪዲዮ ስቱዲዮው ስትገባ አቀናባሪው ዳና ፊቷን አየና ሰላምታውን አሳጠረ። ከሦስት ሳምንት በፊት በነጭ ቬሎ የቀረጻት ሙሽራ ዛሬ አቧራ ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ በሩ ላይ ቆማለች።

"ከቤሌ አሁን መግባቴ ነው" አለች። "አባዬ በጣም ደክሟል። ዓይኑን በገለጠ ቁጥር የሚጠይቀው የሰርጌን ቪዲዮ ነው። ሐኪሙም ተስፋ አልሰጠንም። በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ይዤው መሄድ አለብኝ፤ ባዶ እጄን ፊቱ አልቀርብም።"

አቶ ኤርካሎ ልጃቸው ስትዳር አልነበሩም። ልባቸውን ታመው ቤሌ ከተማ ተኝተው ሳሉ ሰርጉ ሶዶ፣ አጎቷ ቤት ተደገሰ።

ቅንብሩ አልቋል። የቀረው ኮምፒውተሩ ሁሉንም አዋህዶ አንድ ፊልም አድርጎ እስኪያወጣው መጠበቅ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ያኔ፣ በ2007 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሶዶ ውስጥ ጽጌረዳ ያልበረረበት ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም ነበር። ሙሽሪት በአጆራ ፏፏቴ መሃል ካልታየች፣ ሙሽራው ከደመና ላይ ካልወረደ፣ ቀይ ልብ በየደቂቃው ካልፈነዳ ቤተሰብ ያኮርፋል። የስቱዲዮው ባለቤት ጋሼ ቸርነት በዚህ ስም ያተረፈ ሰው ነው፤ አበባ ሲያበዛ ልክ የለውም። አበባውን ሁሉ የሚሸከመው ደግሞ አንድ ምስኪን ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚያቀነባብረው የኮምፒውተሩ ክፍል ነበር።

ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያስፈልገኛል አለ። መብራት ግን በፈረቃ ነው፤ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠፋል፣ የሚመለሰውም ማታ ነው።

"አይደርስም" አለ ዳና። ከዚያ ትንሽ አሰበና "ካርዱን ከልኩ በላይ ካላስሮጥነው በቀር" ሲል ጨመረ።

ጋሼ ቸርነት ከመቀመጫው ተነሳ። "እንዳምናው?"

ዳና አንገቱን ደፋ። አምና ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ አንድ ካርድ አቃጥሏል፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ሦስት ሕግ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ቮልቴጅ አይነካም። ፍጥነት የሚጨመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ሙቀቱ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ካለፈ ይቆማል። አሁን ያለው ካርድ ከተቃጠለ ሌላ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ የሣራ አባት ደግሞ ያን ያህል አይጠብቁም።

የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈታ፤ የጠረጴዛ ማራገቢያውን አጠገቡ ደገነ። ፍጥነቱን በትንሹ ጨመረና ፈተሸ፤ ደህና ነው። እንደገና ጨመረ፤ ደህና ነው። በአራተኛው ጊዜ ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብልጭ ብልጭ አሉ። ያ ካርዱ "በቃኝ" ሲል ነው። አንድ እርከን ወደ ኋላ መለሰውና ሥራውን አስጀመረ። የማለቂያው ሰዓት ተጻፈ፤ ለስምንት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው።

"ሦስት ደቂቃ" አለች ሣራ።

ሁለት ሰዓት ያህል ሙቀቱ ሰባ ስምንት ላይ ቆየ። ዳና ከቁጥሩ ላይ ዓይኑን አልነቀለም፤ ውኃ እንኳን አልጠጣም። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ጋለ፤ በዚያ ላይ ጎረቤት ያለው ወፍጮ ቤት ሥራ ጀመረ። ወፍጮው ሲነሳ አምፖሉ ደበዘዘ፣ ማራገቢያውም ዝግ አለ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ ሦስት። ሣራ በእጇ በያዘችው መጽሔት ካርዱን ታራግብለት ጀመር። ሰማንያ አምስት።

"ተወው፣ ይሂድ" አለ ጋሼ ቸርነት። "አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረው፤ ይችለዋል።"

"አምናም እንደዚሁ ብለን ነበር፣ ጋሼ።"

ሰማንያ ስድስት። ነጠብጣቦቹ ተመለሱ። ዳና ሥራውን አቆመው። ሣራ አላለቀሰችም፤ ያ ደግሞ ለዳና ይበልጥ ከበደው።

ስክሪኑ ላይ ሥራው የቆመበት ምስል ቀርቷል፤ ፏፏቴ፣ በላዩ ላይ የሚበሩ ጽጌረዳዎች። ሣራ ጠጋ ብላ አየችው።

"ይሄ ከቤት ስወጣ አይደል? እኔ የታለሁ?"

"ከአበባው ሥር ነሽ" አለ ዳና፤ ወዲያው አፈረ። ምን እንደሸፈነ ያውቃል። ሙሽሮቹ የቤተሰብ ጉልበት ስመው ሲጨርሱ ሣራ ወደ አባቷ ባዶ ወንበር ሄዳ፣ ወንበሩ ላይ የተዘረጋውን የአባቷን ኮት ጎንበስ ብላ ስማ ነበር። ለቅሶ ሰርግ ያበላሻል ብሎ በፏፏቴ የጋረደው እሱ ራሱ ነው።

"አባዬ አበባ ምን ያደርግለታል?" አለች። "እኔን ነው ማየት የሚፈልገው።"

ዳና ወደ ጋሼ ቸርነት ዞረ። አበባውን ካወጣ ካርዱ በተፈጥሮ ፍጥነቱ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህን ጠዋት ሊያስበው ይችል ነበር፤ ግን ያለ አበባ ሰርግ ከዚህ ቤት ወጥቶ ስለማያውቅ ሐሳቡ በአጠገቡም አላለፈም። ጋሼ ቸርነት ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ባለአበባ ፖስተሮቹን አየ፣ ሣራን አየ።

"አውጣው" አለ። "የስቱዲዮውን ስም ግን አትጻፍበት።"

ዳና ልቡን፣ ደመናውን፣ ፏፏቴውን ሁሉ ነቅሎ ጣለ። ፍጥነቱን ወደ ቦታው መልሶ፣ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አስጀመረው። ሙቀቱ ወረደ፤ ስድሳ ስምንት። ስምንት ሰዓት ላይ መብራቱ ሲጠፋ ዲቪዲው ሣራ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ደወለች። ዳና ቁጥሯን ሲያይ ክፉ ወሬ መሰለው።

"አባዬ በሕይወት አለ" አለች። "ትናንት ማታ ትራስ ደግፈንለት አየው። ኮቱ ጋ ስንደርስ አቁሙልኝ አለ። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ግን እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግቶ፣ እዚያ ያጎነበሰችውን ሙሽራ መረቃት። መርቆ እስኪጨርስ እጁን አላወረደም።"

ዳና ስልኩን ዘጋ። ጋሼ ቸርነት ከወዲያ ሆኖ "ምን አለች? አበባው ቀረ ብለው አኮረፉ?" ሲል ጠየቀው።