ባለጎማው ጎጆ

«ድምፅ እንዳልሰማ» አለ ፍቅሬ፣ ደጃፉን በጠመንጃው ሰደፍ እየመታ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው። ገዳዩ ራሱ ለቅሶ ጠባቂ ሆኖ ተመደበ፤ ጊዜው እንዲህ ያለ ጊዜ ነበር።

ቤት ውስጥ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለድምፅ ያነባሉ። ጥሩወርቅ ግን እንባም እምቢ አላት። ባሏን አምሳሉን ከቀበረች ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ጮኻ ማልቀስ። ለፀረ አብዮት አይለቀስም ተብሏል። እድሩም ድንኳኑን ከልክሏል። የእድሩ ዳኛ አቶ ሽፈራው፣ እኛም ልጆች አሉን ብለዋት፣ አንገታቸውን ደፍተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አልፈረደችባቸውም፤ ደረቷ ግን ሊፈነዳ ነው።

አምሳሉ ደግሞ የምን ፀረ አብዮት። አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። ፒያሳ በረንዳ ላይ የሚያድሩትን ዝናብ ሲደበድባቸው አይቶ ከአሮጌ በርሜልና ከጋሪ ጎማ ጎጆ ሠራላቸው። ቀን ታጥፎ ዕቃ ይጫንበታል፤ ማታ ሲዘረጋ አንድ ሰው ተጠቅልሎ ይተኛበታል። ጥሩወርቅ፣ የራሳችን ጣሪያ እያፈሰሰ ብላ ስትቆጣው፣ «እኛማ የሚያፈስ ጣሪያ አለን» ይላት ነበር።

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት አዋሳ ትጽዳ ተባለና አብዮት ጠባቂዎች ጎጆዎቹን ሰብስበው ናፍጣ አርከፈከፉባቸው። በአንደኛው ውስጥ እግሩ የማይታዘዘው ታምሩ ተኝቶ ነበር። ሲጮህ ጠባቂዎቹ ሳቁ። አምሳሉ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ጎትቶ አወጣው፤ የእጁ ቆዳ ተላጠ። ቀና ሲል ፍቅሬ ግንባሩን በሰደፍ አለው። ሲወድቅም ደገመው፤ አምሳሉ እዚያው ቀረ።

በለቅሶው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፍቅሬ ከደጃፉ ራቅ ባለበት፣ ሽታዬ ከቃጠሎው የተረፈ ጎጆዋን እየገፋች ግቢው ውስጥ ገባች። በረንዳ አዳሪ ናት። አቶ ሽፈራው ከበሩ ላይ ሆነው፣ ይሄን ይዘሽ ልታስፈጂን ነው ወይ ብለው ተቆጧት። አልሰማቻቸውም፤ ዘርግታ በሩን ከፈተችው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እዚህ ገብተው ያልቅሱ። በሩን እኔ እይዘዋለሁ።»

ጥሩወርቅ ከቤት ወጥታ ጎንበስ ብላ ጎጆው ውስጥ ገባችና ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ። ሽታዬ ጎጆው ድምፁን የሚያፍነው መስሏት ነበር። ቆርቆሮ ግን የታፈነ ለቅሶ አያውቅም፤ «አምሳሉዬ» የሚለውን ጩኸት እንደ ደወል አስተጋባው። መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ፍቅሬ ሮጦ መጣ። ሽታዬ ጀርባዋን በሩ ላይ ለጥፋ ተቀመጠች። ዞር በይ አላት። ትከሻዋን መታት፤ ቀጥሎ ራሷን። ደሟ ዓይኗ ውስጥ እየገባ እንኳ አልተነሳችም። ያኔ አቶ ሽፈራው ከቤት ወጡና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጮክ ብለው አለቀሱ። ሴቶቹም ደረታቸውን እየደቁ ተከተሉ። ፍቅሬ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ ማንም ዝም አላለም። ተጨማሪ ኃይል ሊያመጣ ወደ ቀበሌ ሮጠ።

ጥሩወርቅ ስትወጣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። አቶ ሽፈራው፣ ሳይመለሱ እንሽሽ አሏት።

«ይቆዩኝ» አለች።

የከል ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ ለሁለት ቀደደችው። ግማሹን በሽታዬ ራስ ላይ ጠምጥማ አሰረችላት፤ ግማሹን ራሷ ለበሰችና ሁለቱ ሐዘንተኞች ጎን ለጎን ተቀመጡ።