የቡርቃው ክር

ራያ በሞተች ሴት ትቀና ነበር። በሕይወት ያለች ጣውንት ብትሆን በር ላይ ቆሞ መሰዳደብም ይቻላል። ሸምሳ ግን ራያ ሳታገባ በፊት ሞታለች። ምኗን ይዘው ይሰድቧታል?

ባለፈው ዓመት፣ ባሕሩ ዳር ያለው የጥንት ግንብ ሙዚየም ሲሆን፣ ከየቤቱ አሮጌ ዕቃ ተለመነ። ሌላው መረብና ማሰሮ ሰጠ። የራያ ባል ሱለይም የሟች ሚስቱን ሣጥን ሰጠ። ሣጥኑ ከቤት ሲወጣ ራያ ደስ ብሏት ተሸካሚዎቹን ቴምር አበላች። ደስታዋ ግን አልሰነበተም። የሸምሳን የሠርግ ልብስ ለአንዲት የጄሶ ሙሽራ አለበሷት፤ ቡርቃዋንም፣ ያንን የአገሩ ሴቶች ከግንባር እስከ አፍ የሚሸፈኑበትን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ፊቷ ላይ አሰሩላት።

ከዚያ ወዲህ ሱለይም አርብ አርብ ሽቶውን ተቀብቶ ይወጣል። የት ነው ሲሉት፣ ባሕሩን አይቼ ልምጣ ይላል። ዓሣ አጥማጅ ነው እንግዲህ። ሳምንቱን ሙሉስ ምን ሲያይ ኖሯል?

ወሬውን ያመጣችው ጎረቤቷ ዐፍራ ናት። “ባልሽ ግንቡ ውስጥ ሙሽራ አለችው አሉ” አለቻት። “አትበላ፣ አትጠጣ። እንዲህ ያለች ጣውንት ከየት ይገኛል፣ እህቴ?”

ራያ አልሳቀችም። አርብ ሲደርስ ተከተለችው። የግንቡ ዘበኛ አወቃት፤ “አክስቴ፣ አጎቴ ውስጥ ነው፣ ግቢ” ብሎ አሳለፋት።

ሱለይም ከሙሽራዋ ጀርባ ቆሟል። መረብ ሲጎትቱ በሻከሩት ጣቶቹ የቡርቃዋን ክር ያስራል፤ ያማት ይመስል ቀስ እያለ። ራያ ጠጋ አለች።

“የራሺድ አባት፣” አለችው በልጃቸው ስም ጠርታ፣ “የእኔን ክር አንድ ቀን አስረህልኝ ታውቃለህ?”

ሱለይም ደነገጠ እንጂ አልካደም። የጄሶው ራስ እያንሸራተተ ክሩ ሁልጊዜ እንደሚላላ፣ ቡርቃው አንገቷ ላይ እየወደቀ እንግዳ ሁሉ ገላጣ ፊቷን ፎቶ እንደሚያነሳ ነገራት። ሸምሳ በሕይወቷ ለገዛ ወንድሙ እንኳን ፊቷን ገልጣ አታውቅም።

“ይህን እያወቅሁ እንዴት ቤቴ ልቀመጥ?” አለ። “አንቺ ደግሞ እኔ ሳልነቃ አስረሽ ነው የምትነሺው። ክሩን መቼ ሰጠሽኝ?”

ራያ በትከሻዋ ገፋ አድርጋው ቋጠሮውን ስታየው፣ የመረብ ቋጠሮ ነው። ውሃ ውስጥ ይጠብቃል፤ ደረቅ ላይ ይላላል። ወይ ዓሣ አጥማጅ! ፈታችና፣ ክሩን በሻሹ ውስጥ አሳልፋ፣ በሴቶች ቋጠሮ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው።

“ከእንግዲህ አትወድቅም።”

ለሸምሳ አዝና አልነበረም፤ ሰውየውን ለመመለስ ነው። ቢሆንም፣ ልጆቼ፣ የሟቿን ሻሽ ስታስተካክል እጇ አልቸኮለም።

በሚቀጥለው አርብ ሱለይም ሽቶውን ተቀባ። እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ግቢው መሐል ቆሞ ጢሙን አሻሸ፤ መሄጃ የለውም።

ራያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የራሷን ቡርቃ ክር ፈታች። ጨርቁን በአንድ እጇ ፊቷ ላይ ደግፋ ጀርባዋን ሰጠችው።

“የመረብ ቋጠሮ እንዳታስርብኝ” አለችው።