ቢጮህም አትፍቱት

ሣጥኑ ቀይ ነበር። የስቶሩ ቆርቆሮ በፀሐይ እየጋለ ሲንቋቋ፣ ሲሚንቶም ሚስማርም የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ፣ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እከፍተዋለሁ። በስፖንጅ የተለበዱ አራት ጠፍጣፋ እንጨቶች፣ ሁለቱ ለክንድ ሁለቱ ለእግር። እንደ ወረቀት የሚተጣጠፍ፣ ከታጠፈ በኋላ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም ስስ አልሙኒየም። ሦስት ማዕዘን ሆነው የተቆረጡ ነጭ ጨርቆች። አንድ በአንድ አውጥቼ አቧራቸውን እጠርግና መልሼ እደረድራቸዋለሁ። አቧራ ባይኖራቸውም እጠርጋቸዋለሁ።

ሣጥኑ የተሰጠኝ ከሁለት ቀን ስልጠና በኋላ ነው። ከሕንፃው ሥራ አንድ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ እንዲሰለጥን ላኩ ሲባል ፎርማኑ ዙሪያውን ቃኘና ቢቀር የማይጎድለውን ሰው መረጠ። እኔን ማለት ነው። አሰልጣኟ ነርስ ደርባባ ሴት ነበረች፤ ስትጠይቀን በአንድ ድምፅ ነበር የምንመልሰው።

«የተሰበረ አጥንት ምን ሲሆን ነው የሚብሰው?»

«ሲንቀሳቀስ!»

«ስለዚህ ምን እናደርገዋለን?»

«እናስረዋለን!»

«ቢጮህስ?»

«አንፈታውም!»

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ስከድን ሰው ሲወድቅ ይታየኛል። ፊቱ አይታይም። እኔ ሣጥኔን ይዤ ስመጣ ሠራተኛው ሁሉ ገለል ገለል ይላል፤ ፎርማኑ ባርኔጣውን ያወልቃል። ሰውየው ምን ያህል እንደሚያመው ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ይህንን የነቃብኝ ወንድምጋሼ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ የዚሁ ሕንፃ ለሳኝ ነው፤ ስቶር ኪፐርነቱንም ፎርማኑን ደጅ ጠንቶ ያስገኘልኝ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲሚንቶ ሊወስድ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ያሽሟጥጠኛል።

«ዶክተር! ዛሬም ሰው አልተሰበረልህም?»

«አልተሰበረም፣ ወንድምጋሼ።»

«አይዞህ። ያ ሆዳሙ ግንበኛ መሰላሉን እንደ ባቡር ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ይሳካልሃል።» ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ይስቃሉ። «ጥንብ አንሳ እንኳ እንዳንተ አፍጥጦ አይጠብቅም እኮ!»

እሱ የለሰነውን ግድግዳ በመዳፍህ ብትዳብሰው የተነጠፈ አንሶላ ነው። የልስን ማንካውን በቀኝ እጁ ይዞ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን ሲስበው ሌሎቹ ለሳኞች የራሳቸውን ሥራ ትተው ያዩታል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የእናታችን መድኃኒት፣ የሚስቱ የእታለም ጉሮሮ፣ የእኔ ደብተርና የትምህርት ቤት ጫማ ከዚያች አንድ እጅ ነው የወጣው። እታለም ማታ ማታ በቅባት ስታሽለት «ቀስ በይ፣ ቤቱን በሙሉ ነው የያዝሽው» ይላታል።

የኤሌክትሪክ ኬብል ጠፍቶ የቀድሞው ዘበኛ ተባረረና ሠራተኛው ሲወጣ የሚገባ አዲስ ዘበኛ ተቀጠረ። ወገቡ ላይ የሲባጎ ጥቅል አንጠልጥሎ ስለሚዞር በሁለተኛው ቀን ስሙ ሲባጎ ሆኖ አረፈው። የውጪውን በር በሲባጎ ያስራል፤ የምሳ ዕቃውን በሲባጎ ያስራል፤ ጫማውንም በሲባጎ ያስራል። በመጣ በአምስተኛው ቀን ቅዳሜ ሆነ።

ቅዳሜ ሥራ የሚያበቃው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወንድምጋሼ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የቦካ ሲሚንቶ ተርፎት ነበር። «እናንተ ሂዱ፤ ይቺን ማዕዘን ሳይደርቅብኝ ልጨርሳት» አለኝ። ስቶሩን ቆልፌ ቤት ሄድኩ።

ምሳ በልቼ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። ፎርማኑ ነው።

«ዶክተር! አንድ ሰው ከፎቅ ወድቆ እጁ ተሰብሯል ይላል ዘበኛው። ምንድን ነው የሚደረገው?»

ልቤ ዘለለ። እውነቱን ለመናገር በደስታ ነው የዘለለው። «ማነው የወደቀው?»

«እኔ እንጃ። ፊቱ ሁሉ ሲሚንቶ ነው፣ አላውቀውም ነው የሚለኝ። ከቀን ሠራተኞቹ አንዱ ይሆናል። ቶሎ በላ፣ በሌላው ስልክ እየጠበቀኝ ነው!»

ተነስቼ ቆምኩ። ድምፄን ጠረግኩ።

«እንዳይንቀሳቀስ እሰሩት።»

«ምን ላይ?»

«ጠንካራ ነገር ላይ አስደግፋችሁ፣ ከላይም ከታችም አጥብቃችሁ እሰሩት። ይጮሃል፤ ቢጮህም አትፍቱት። የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው።»

«ጎበዝ! ለካ ስልጠናው ገብቶሃል።»

«ልምጣ እንዴ?»

«ምን ያደርግልሃል? መኪና እልክለታለሁ።»

ተመልሼ ጋደም አልኩ። እታለም ለወንድምጋሼ የተቀመጠውን ምሳ እየከደነች «ምን ያስቅሃል ብቻህን?» አለችኝ።

«ሰው አዳንኩ» አልኳት።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። እታለም ሁለት ጊዜ ደወለችለት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። በዘጠኝ ተኩል ሦስተኛ ስትደውል ፎርማኑ ‹ፊቱ ሁሉ ሲሚንቶ ነው› ያለኝ ትዝ አለኝ። ስልኩን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ትቶ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ።

ሲባጎ በሩን ፈትቶ እስኪያስገባኝ ድረስ የሌላ ሰው ወሬ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አለቃ የላከኝ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ምድር ቤት ኬብል ወደሚቀመጥበት ክፍል መራኝ።

«ያዝኩልህ እኮ! ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ እኬብሉ ክፍል በር ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ከፎቅ ስወርድ ከመወጣጫው ወደቅሁ ይላል። እንግዲህ ሲወድቅ ሌላ ቦታ አጥቶ ነው?»

ወንድምጋሼ ምሰሶው ሥር ተቀምጧል። ሁለቱ እጆቹ ወደ ኋላ ተጠምዝዘው ምሰሶውን አቅፈዋል፤ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ሲባጎ ተጠምጥሟል። የተሰበረው ቀኙ ነው። መጮህ ካቆመ ቆይቷል፤ አፉ ብቻ ይከፈታል።

«ፍታው!»

«ቆይ እንጂ፣ አንተ ማነህና? አለቃ ናቸው ያዘዙት። አጥብቀህ እሰረው፣ ቢጮህም እንዳትፈታው፣ የሚያውቅ ሰው ይመጣል ብለውኛል።»

«ወንድሜ ነው! ስቶር ኪፐሩ ነኝ!»

«እሱም የስቶሩ ወንድም ነኝ ሲለኝ ነው የዋለው። ተይዞ ዘመድ የማይቆጥር ሌባ አላየሁም።»

«መኪና መጥቶ አልነበረም?»

«መጥቶ ነበር። ሾፌሩ የተጎዳ ሰው ውሰድ ተብዬ ነው አለኝ። የተጎዳ የለም፣ ያለው ሌባ ነው ብዬ መለስኩት።»

እሰሩት ያልኩት እጁን ነው። ፎርማኑ የሰማኝን ቃል በቃል አስተላለፈ፤ ሲባጎ ግን ሰውየውን እሰረው የተባለ ነው የመሰለው። በቋንቋችን እጅም ወንድ፣ ሰውም ወንድ። በአንዲት ቃል ሁለታቸውም ይታሰራሉ።

ፎርማኑን ደውዬ ሲባጎ ጆሮ ላይ ስልኩን ለጠፍኩት። «እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» አለና ቢላዋውን አወጣ። ገመዱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሲቆርጠው ፈልቅቆ ነው ያገኘው። እጁ ወደ ፊት ሲመጣ የእሱ አይመስልም ነበር። አብጧል፤ ጥፍሮቹ እንደ ጠቆረ ወይን ሆነዋል። አሰልጣኟ ልትጨርስ ስትል «ካሰራችሁ በኋላ በየጊዜው ጥፍሩን እዩ፤ ከጠቆረ ማሰሪያውን አላሉት» ብላ ነበር። ይህችን በስልክ አልተናገርኳትም። አልረሳኋትም፤ «ቢጮህም አትፍቱት» የምትለዋ ይበልጥ ስላማረችኝ እዚያ ላይ አቆምኩ።

«መጣህ?» አለኝ ወንድምጋሼ።

«መጣሁ።»

«ማን እንዳዘዘው ጠይቀው። ስለምነው አለቃ፣ አለቃ ብቻ ነው የሚለኝ። ምን አድርጌዋለሁ ፎርማኑን?»

ሣጥኑን ከስቶር አመጣሁ። ሁለቱን አጭር እንጨቶች ከክንዱ ግራና ቀኝ አደረግኩ፤ በነጩ ጨርቅ ከስብራቱ በላይና በታች አሰርኩ፤ ቋጠሮውን ወደ ውጪ አወጣሁ። እንደዚያ ያማረ እስር በስልጠናውም አልሠራሁም። ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ዙሪያውን አይቶ «ማነው ያሰረው? ጎበዝ ነው» አለ። ጨርቁን ፈትቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጫነ በኋላ ግን ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝ። «ጥሩ አስረሃል። ያሰርከው ግን የሞተ እጅ ነው።»

ሰኞ ጠዋት ከክርኑ በታች ቆረጡት።

በሦስተኛው ሳምንት ፎርማኑ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት ነበር። «ከሥራ ሰዓት ውጪ ኬብል ለመስረቅ ስገባ ከፎቅ ወድቄ እጄ የተሰበረ ሲሆን፣ ድርጅቱንም ሆነ ሠራተኞቹን የምጠይቀው ነገር የለም» ይላል። ከታች የወንድምጋሼ ስም አለ።

«ይሄ እኮ ውሸት ነው» አልኩ።

«ነው። እውነቱን እንጻፍ ካልክ ደግሞ ወረቀትም እስክሪብቶም አለ። ያኔ ማን እሰሩት አለ ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ያልከኝን ነው ያስተላለፍኩት፤ ቢጮህም ጭምር። እሱ እጅ የለውም። አንተም ሥራ አይኖርህም። እናታችሁን ማን ያስታምማት?» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ጣቱን ካሳረፈበት እዚህ ላይ ያበቃል። ስቶሩም ስቶርህ ነው። አንተ ብታነብለት ይሻላል፤ አንተን ያምንሃል።»

ወረቀቱንና የማህተም ቀለሙን ይዤ ቤት ገባሁ። ወንድምጋሼ መደቡ ላይ ተቀምጦ የማንካ እጀታ በግራው እየጨበጠ እየለቀቀ ነበር። እናታችን ጓዳ ተኝታለች። እታለም ከኋላው ቆማ ሸሚዞቹን ታጥፋለች፤ ቀኝ እጅጌያቸውን ወደ ውስጥ ሰፍታዋለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከቢሮ ነው። ጣትህን አሳርፍበት ብለዋል።»

«አንብብልኛ። እኔ እንደሆነ ፊደል ከግድግዳ ጭረት አልለይም።»

አነበብኩለት። «በሥራ ላይ እያለሁ ከመወጣጫ ወድቄ ጉዳት ስለደረሰብኝ፣ ለአቅሜ የሚሆን ሥራ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ» አልኩ።

ፊቱ በራ። «ፎርማኑ ነው ያጻፈው? እኔ ደግሞ ስረግመው ከረምኩ! ቀለም መቀባት እንኳ አያቅተኝም እኮ። ‹በግራው መለሰን እየተለማመደ ነው› የሚል ጨምርበት።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ከወረቀቱ በላይ፣ አየሩ ላይ፣ እጄን ከግራ ወደ ቀኝ አመላለስኩት። «ጨመርኩት» አልኩ።

ቀና ስል እታለም ሸሚዙን ይዛ ቆማለች። እታለም ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ዓይኗ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲወርድ አየኋት፤ «ለመስረቅ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና አነበባት፣ ቀጠለ። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጓዳ ውስጥ እናታችንን አሳላት።

ወንድምጋሼ ግራ አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ወደ ወረቀቱ አመጣ። የሚይዝበት ሌላ እጅ ስለሌለው ወረቀቱ ከጣቱ ሥር ሸሸ። እኔ አልያዝኩለትም።

እታለም ሸሚዙን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ የወረቀቱን ሁለት ጠርዝ በሁለት እጇ ጠረጴዛው ላይ ደገፈችለት።

«በደንብ ጫነው» አለችው። «እንዳይደበዝዝ።»