ለእሙዬ የተላጨ ጸጉር

እሙዬ የሞተች ዕለት አጅዋንግ ምላጭ ገዝታ ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጨች። እናት ስትሞት አክስቶቿ እንዲህ ሲያደርጉ አይታለች። እሙዬም የገዛ እናቷን ጎሬ ቀብራ የተመለሰችው ተላጭታ ነበር። የጋምቤላውም የደጋውም ወገን የሚያውቀው ሐዘን ነው፣ ማንም አይቶ ይገባዋል ብላ አሰበች።

መምህርት እሙዬ ከጎሬ ወርዳ ጋምቤላ ስትገባ የሱዳን መርከብ ገና ባሮ ዳር ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፣ ጋምቤላ ክልል ሆነች፤ እሙዬ ግን ጠመኔዋን አልጣለችም። በግርግሩ ጊዜ ስንቱ ደገኛ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሸሽ «ተማሪዎቼን ለማን ትቼ?» ብላ ቀረች። ስደተኛ በመጣ ቁጥር በጭነት መኪና ተንጠላጥላ ኢታንግ ድረስ ትሄድና ዛፍ ሥር ታስተምራለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ባሮ ዳር ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ሰብስባ በነጻ ፊደል ታስቆጥራለች። አዲሱ ክልል ልጆች በየቋንቋቸው ይማሩ ሲል፣ እሷም ጡረታ ስትወጣ፣ አላኮረፈችም። «ደግ አደረጉ» ብላ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር መዋል ጀመረች።

አጅዋንግን ያገኘቻት እዚያው ወንዝ ዳር ነው። የወለደቻት ሴት በወባ ስትሞት ሕፃኗን አንስታ ቤቷ አስገባች፤ አንድ አልጋ ላይ አብራት እየተኛች አሳደገቻት፤ እንደ ራሷም አስተማሪ አደረገቻት።

ይህን ሁሉ ከተማው ያወራዋል። የማይወራም ነበር። አጅዋንግ በወባ ስትንቀጠቀጥ እሙዬ ክኒኗን ታስውጣትና ወደ ሴቶቿ ትሮጣለች። ለፋሲካ የተገዛላትን ጫማ አንድ ቀን እንኳ ሳታደርገው ለጎረቤት ልጅ አንስታ ሰጥታባታለች። ስታለቅስ «አንቺማ የቤት ነሽ!» አለቻት። አጅዋንግ በዚህች ቃል ኖረች። የቤት ልጅ ሁልጊዜም መጨረሻ ይደርሳታል፤ ግን የቤት ልጅ ናት።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጸጋአብ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚነግረው ሰው ፈለገ። ከጎሬ የደረሰው የወንድሟ ልጅ ረታ አክስቱን ያየው ገና በልጅነቱ ነውና ከስሟ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ስለዚህ ወደ አጅዋንግ መጡ። ከመርከቡ እስከ ኢታንግ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ስለ ራሷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሐዘንተኛ «ልጇ እኔ ነኝ» እያለ ራሱን ያስተዋውቃል እንዴ? ነውር ነው፤ ያንን ሌላው ይበልለት። ደግሞስ የተላጨ ራሷን እያዩት! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው ለሌላ ሰው የተተረተ መሰላት።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ሬሳው መቃብር ከመግባቱ በፊት፣ ታሪኩ ተነበበ። መርከቡም ኢታንግም አልቀሩም። መጨረሻው ላይ «መምህርት እሙዬ ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አልነበራቸውም። ነገር ግን የሁላችን እናት ነበሩ» ተባለ።

ሕዝቡ እዬዬውን አቀለጠው። የአጅዋንግ እንባ ግን እዚያው ቀጥ አለ። የሁላችን! የሁሉ የሆነች እናት የማን ናት?

ለቀስተኛው ተራ በተራ እየቀረበ ረታን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል። አጅዋንግ ከጎኑ ቆማለች፤ የሚያያት የለም። ጋምቤላ ሴቱ ከሙቀቱም ከልማዱም ጸጉሩን ያሳጥራል፤ ደገኞቹ ራሷን ቢያዩት እንደ ወትሮው ነገር አለፉት። አንዲት ወይዘሮ ብቻ እጇን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፤ ደህና አድርገሽ ነው ያገለገልሻት» አለቻት። ኛኳች፣ ባሮ ዳር ፊደል የቆጠረችው የልብስ አጣቢ፣ ከሕዝቡ መሀል «እናቴ! እናቴን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። እሷን የሚከለክላት የለም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ አጅዋንግ ጋሽ ጸጋአብን ጥግ ላይ አገኘችው።

«ጋሽ ጸጋአብ፣ እኔን ረስታችሁኝ ነው?»

ሽማግሌው አቀረቀረ። «አልረሳሁሽም፣ ልጄ። እሙዬ ባለፈው ክረምት ስትታመም ሄጄ፣ ‹ለክፉም ለደጉም አጅዋንግን ልጄ በያትና የእድሩ ሰው ይስማ› ብያት ነበር።»

«ምን አለች?»

«ይቅርብሽ።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«‹ተማሪዬ ናት በሉ። ልጅ አለኝ ብዬ የሌሎቹን ልጆች ላስከፋ?› አለችኝ። እኔም ቃሏን ጠበቅኩ።»

አጅዋንግ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። አፈሩ ገና ሳይደርቅ ሙት ላይ መናደድ ኃጢአት ነው ይባላል፤ እሷ ግን ተናደደች፣ እስኪያንገፈግፋት ድረስ። ለመላው ጋምቤላ ልጅ ቅያሜ የተጨነቀች ሴት ለአንዷ ቅያሜ አልተጨነቀችም። ምን ያስጨንቃታል? የቤት ናታ! ደግነቷን ሁሉ ለደጅ አወጣችው፤ ዋጋውን ግን ቤት የቀረችው ከፈለች።

ረታ የጎሬን ብርድ የለመደ ሰው ነውና ኮቱን ማውለቁን ነውር አድርጎት በላብ ተጠምቆ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። ደግ ፊት አለው፤ የእሙዬ ዓይን ነው ያለው። እንግዳ ነውና የአገሩን ልማድ አያውቅም፤ ራሷን ትክ ብሎ አየው።

«እህቴ፣ በእኛ አገር ጸጉር እንዲህ የሚላጨው እናት ስትሞት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ለአክስቴ ነው ያደረግሽው?»

ቀኑን ሙሉ ከሰው ሁሉ ይህን ስትጠብቅ ነው የዋለችው። አዎ ብትለው ክንዷን ይዞ ከጎኑ እንደሚያስቀምጣት፣ ለለቀስተኛውም «እህቴ ናት» እንደሚል ከፊቱ ታየዋለች።

«ኧረ አይደለም» አለችው። «ተማሪዋ ነኝ። ጸጉሩ ለሙቀቱ ነው።»

«እውነትሽን ነው» አለ ረታ፣ በመሐረቡ አንገቱን እየጠረገ። «እንዴት ትችሉታላችሁ?»